የቅጽል አገባብ በዘመናዊው ካዛክኛ

ስለ ንግግር ክፍሎች ስንማር ሁላችንም በቃላችን የያዝነው አንድ ብያኔ አለ፤ ይኸውም «ቅጽል ማለት ከስም በፊት እየገባ ስሙን የሚገልጽ ቃል ነው» የሚለው ነው። ብያኔው ስሕተት የለበትም። ጭንቁ የሚመጣው ነገ ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ታዲያ ቅጽል መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ብሎ የጠየቀን ዕለት ነው። በቦታው ነው? በትርጉሙ ነው? ወይስ በሚይዘው ቅጥያ? በአማርኛ ሦስቱ ነገሮች ተደበላልቀው ስለሚመጡ የቱ ዋና፣ የቱ ተከታይ እንደ ሆነ ለመለየት ያስቸግራል። እነዚህን ነጣጥሎ ለማየት ወደ ሌላ ቋንቋ ወጣ ብሎ መመለስ ይጠቅማልና ለዛሬ ካዛክኛን እንመልከት።

ለምን ካዛክኛ? ምክንያቱ ቀላል ነው። ካዛክኛ ከቱርክ ቋንቋዎች ቤተ ሰብ የሚመደብ፣ የኪርጊዝኛ፣ የኡዝቤክኛና የቱርክኛ ዘመድ የሆነ ቋንቋ ነው። ከካዛክስታን ሌላ በቻይና፣ በሞንጎሊያ፣ በኡዝቤኪስታንና በሩሲያም ይነገራል። ከአማርኛ ጋር በዘር አይገናኝም። ይሁን እንጂ ዐረፍተ ነገሩን ሲሠራ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ገላጩንም ከተገላጩ በፊት ያመጣል፤ ልክ እንደኛው። ስለዚህ የቃላቱ ተራ አያደናግረንም፤ የሚለየው ነገር ብቻውን ቁልጭ ብሎ ይታየናል።

ቃላቱን በራሳችን ፊደል የጻፍናቸው በግምት ነው። ካዛክኛ ከንፈርን ሞጥሞጥ አድርገው የሚያወጧቸው፣ እኛ ዘንድ የሌሉ አናባቢዎች አሉት፤ እነሱን በ«ኡ»ና በ«ኦ» ተክተናቸዋል። በቃል መካከል የሚገኘው አንዱ አናባቢ ግን ለሳድሳችን በጣም ይቀርባል። «ቅዝል» ብለን የጻፍነውን እንደ አማርኛ ብናነበው ካዛኩ ሳይገባው አይቀርም፤ ቀይ ማለት ነው።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። «ኡልኬን» ትልቅ፣ «ኡይ» ደግሞ ቤት ማለት ነው። ኡልኬን ኡይ ስንል ትልቅ ቤት ይሆናል። ቤቱን እናብዛው፤ ኡልኬን ኡይሌር፣ ትልልቅ ቤቶች። ተሳቢ እናድርገው፤ ኡልኬን ኡይዲ፣ ትልቁን ቤት። «ከ» እንጨምርበት፤ ኡልኬን ኡይሌርዴን፣ ከትልልቅ ቤቶች። ልብ በሉ፤ ስሙ አራት ጊዜ ልብሱን ሲለዋውጥ «ኡልኬን» ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። የብዙ ቁጥሩም፣ የተሳቢውም፣ የመነሻውም ምልክት የተንጠለጠለው በስሙ ላይ ነው። ቅጽሉ ምንም ሳይሸከም ከፊት ከፊት ይሄዳል።

ወደኛ ስንመለስ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። «ትልቁን ቤት ሸጠ» በሚለው ውስጥ «ው» የሚለው ወሳኝም «ን» የሚለው የተሳቢ ምልክትም የት ነው ያሉት? ሁለቱም ቅጽሉ ላይ ናቸው። ስሙ ባዶውን ነው። ምልክቶቹን ወደ ስሙ እናሸጋግር ብለን «ትልቅ ቤቱን ሸጠ» ብንል ደግሞ ቤቱ የሰውየው የራሱ ሆኖ ሐሳቡ ሌላ መንገድ ይይዛል። እንግዲህ በአማርኛ ሸክሙን የሚይዘው ፊት የመጣው ቃል ነው፤ በካዛክኛ ግን ኋላ የቀረው። አንድ ዓይነት የቃላት ተራ ያላቸው ሁለት ቋንቋዎች ሸክሙን ግን በተለያየ ጫፍ ይጭናሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ሂዱ ብንባል የምንመርጠው ይህንኑ ነው።

ጾታ የሚባል ነገርም በካዛክኛ የለም። እኛ ትልቁ ልጅ፣ ትልቋ ልጅ እንላለን፤ ከግእዝ የወረስናቸውንም ቅዱስ፣ ቅድስት እያልን እንለያለን። ካዛኩ እሱንም እሷንም የሚጠራው «ኦል» በሚል አንድ ተውላጠ ስም ስለ ሆነ ቅጽሉ የሚስማማበት ጾታ አያገኝም። ቁጥር ሲገባማ ስሙ ራሱ ነጠላ ሆኖ ይቀራል፤ «ቤስ ኡልኬን ኡይ»፣ ቃል በቃል «አምስት ትልቅ ቤት»። ይህ እንኳ ለኛ እንግዳ አይደለም። ገበያ ወጥቶ «አምስት ትልቅ እንስራ ገዛሁ» የሚል ሰው ማን ይስቅበታል?

ቅጽሉ ይህን ያህል ባዶ ከሆነ ቅጽልነቱ የሚታወቀው በምንድን ነው? በቦታው ነው። ቦታውን ስንለውጥ የሚሆነውን ተመልከቱ። «ኡልኬን ኡይ» ትልቅ ቤት ነው ብለናል። ገልብጠን «ኡይ ኡልኬን» ስንል «ቤቱ ትልቅ ነው» የሚል ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይወጣል። «ነው» የሚለውን የሚተካ ቃል የለም፤ ተራው ብቻ ሠራው። ሦስተኛ መደብ ካልሆነ ግን ቅጽሉ ራሱ የመደብ ምልክት ይቀበላል። «ዣቅሲ» ጥሩ፣ ደኅና ማለት ነው፤ ዣቅሲምን «እኔ ደኅና ነኝ»፣ ዣቅሲስንግ «አንተ ደኅና ነህ»፣ ወይም «አንቺ ደኅና ነሽ»፣ ዣቅሲስዝ «እርስዎ ደኅና ነዎት» ይሆናል። ካዛክኛም እንደ አማርኛ አንተንና እርስዎን ይለያል ማለት ነው፤ ያውም በቅጽሉ ጫፍ ላይ።

ሌላም ቦታ አለ። ቅጽሉ ከስም በፊት መሆኑ ቀርቶ ከግስ በፊት ሲገባ ያለ ምንም ለውጥ ተውሳከ ግስ ይሆናል። «ዣቅሲ አዳም» ጥሩ ሰው ነው፤ «ዣቅሲ ኦቂዲ» ግን ጥሩ አድርጎ ይማራል፣ ያነባል ማለት ነው። እኛም በንግግር «ጥሩ ይጽፋል» እንላለን፤ በጽሑፍ ሲሆን ነው «በደንብ» የምንለው። በነገራችን ላይ «አዳም» የሚለውን ቃል አይታችሁት ይሆናል። ካዛኮች ሰውን በጠቅላላው የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው፤ ከዐረብኛ የመጣላቸው ነው።

ስሙ ጨርሶ ሲቀርስ? ያን ጊዜ ያ ባዶውን ይሄድ የነበረው ቅጽል የስሙን ልብስ በሙሉ ይለብሳል። ኡልኬንዴር «ትልልቆቹ፣ ታላላቆች» ማለት ነው፤ ኡልኬንዴርጌ «ለታላላቆች»። ከብዙ ዕቃዎች መካከል ትልቁን ስጠኝ ለማለት ደግሞ «ኡልኬኒን ቤር» ይባላል፤ «ከነሱ ትልቁን» የሚለው በሙሉ በዚያች በ«ኒን» ውስጥ ታጥፎ ገብቷል። ስለዚህ ካዛክኛ ቅጽልና ስምን በቃሉ መልክ አጥብቆ አይለይም፤ የሚለየው ቃሉ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ በያዘው ሥራ ነው። ባለ ስም ከሆነ ዝም ይላል፤ ስም አልባ ሲሆን ይለብሳል።

ይህ ለወደፊቱ መምህር ምን ይጠቅመዋል ቢባል፣ የስሕተት እርማት ላይ ይጠቅመዋል። ካዛክኛ አፉን የፈታ ልጅ ሩሲያኛ ሲማር ቅጽሉን በጾታ፣ በቁጥርና በሙያ ማስማማት ያስቸግረዋል። ሩሲያኛ ይህን ሁሉ ከቅጽሉ ይጠይቃል፤ የልጁ ቋንቋ ግን ምንም አይጠይቅም። ቀዩን ብዕር የያዘው መምህር «ሰነፍ ነው» ብሎ ቢያልፍ ልጁን በድሎታል፤ ልጁ የራሱን ቋንቋ ሕግ አክብሮ ነው የተሳሳተው። የኛም ክፍሎች ከዚህ የራቁ አይደሉም። በኦሮምኛ «ማነ ጉዳ» ሲባል ቤቱ ቀድሞ ትልቁ ይከተላል። በዚህ ቋንቋ ያደገ ልጅ አማርኛ ሲጽፍ ተራው ቢገለበጥበት፣ ወይም «ው»ን ከቅጽሉ ላይ አንሥቶ ስሙ ላይ ቢያኖራት፣ መምህሩ ማስረዳት ያለበት ሸክሙ በአማርኛ የት እንደሚጫን ነው። «ቅጽል አታውቅም» ማለት ግን ሐሰት ነው፤ ልጁ ቅጽልን ከቤቱ ይዞት መጥቷል።

ስለ ስያሜው ጥቂት እንበል። የኛ «ቅጽል» ቀጸለ፣ ዘውድ ደፋ፣ አስጌጠ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው፤ በስሙ ራስ ላይ የተደፋ ጌጥ እንደ ማለት። ካዛኮች ግን «ስን ኤሲም» ይሉታል። ኤሲም ስም ነው፤ «ስን» ደግሞ ጠባይ፣ መልክ፣ ዓይነት፣ እንዲሁም ምዘናና ሂስ ማለት ነው። ከዚሁ ቃል የሚወጣው «ስንሺ» ድሮ ፈረስ አይቶ የሚመዝነውን ዐዋቂ ይጠሩበት ነበር፤ ዛሬ የሥነ ጽሑፍ ሐያሲውንም ይጠሩበታል። የኛው ስም ጌጥ ሆኖ ሲታየን የነሱ ፍርድ ሆኖ ታያቸው። የቱ ይሻላል የሚለውን ለአንባቢ እንተወዋለን፤ ለዚህ ጸሐፊ ግን የነሱ ጠንከር ይላል፤ ቅጽል የሚጠቀም ሁሉ አንድ ነገር መዝኖ ፈርዷልና።

ይህን ስያሜና ስም፣ ግስ፣ ቁጥር፣ ተውላጠ ስም የመሳሰሉትን የሰዋስው ቃላት ለካዛክኛ ያበጀው አሕመት ባይቱርስንኡሊ የተባለ መምህር ነው። «ቲል-ቁራል» የተባለውን የሰዋስው መማሪያ እ.ኤ.አ. ከ1914 ጀምሮ በክፍል በክፍል አሳትሟል። ከዚያም በፊት የዐረብኛውን ፊደል ለካዛክኛ ድምፆች እንዲስማማ አድርጎ አሻሽሎ ነበር፤ በቻይና የሚኖሩ ካዛኮች ዛሬም የሚጽፉት በዚሁ መነሻ ነው። በስታሊን ዘመን እ.ኤ.አ. በ1937 ተረሸነ፤ ስሙም ታገደ። ክብሩ የተመለሰለት እ.ኤ.አ. በ1988 ነበር። በነዚያ ሃምሳ ዓመታት ግን የካዛክ ሕፃናት በየክፍሉ «ስን ኤሲም ማለት…» እያሉ ሲያጠኑ የሚጠሩት የሱን ቃል ነበር። ሰውየውን አስቀሩት እንጂ ቃሉን ከመማሪያ መጻሕፍቱ ሊያወጡት አልቻሉም። በዚያው ዘመን ጽሕፈቱም ሁለት ጊዜ ተለወጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1929 ወደ ላቲን፣ በ1940 ደግሞ ወደ ሲሪሊክ ፊደል። እ.ኤ.አ. በ1989 ካዛክኛ የመንግሥት ቋንቋ ሆኖ በሕግ ታወጀ፤ በ2017 ደግሞ ወደ ላቲን ፊደል ለመመለስ ተወሰነ። ፊደሉ ሲሄድና ሲመጣ ቅጽሉ እንዳለ ነው።

ወደ ማወዳደር እንለፍ። ፈረስ ከአህያ ትልቅ ነው ለማለት ካዛኩ «አት ኤሴክቴን ኡልኬን» ይላል። «አት» ፈረስ፣ «ኤሴክ» አህያ ነው። «ቴን» ምንድን ነው? ከየት መጣ ሲባል የምንጠቀምበት «ከ» ነው። «አልማቲዳን ኬልዲ» ማለት «ከአልማቲ መጣ» ማለት ነውና፤ ዳን፣ ዴን፣ ታን፣ ቴን እያለ የሚለዋወጠው ከጎኑ ካሉት ድምፆች ጋር ለመስማማት ነው። እኛም «ከአህያ ትልቅ» ስንል ያንኑ «ከአልማቲ» የምንልበትን «ከ» ነው የምንጠቀመው። በዘር የማይገናኙ ሁለት ቋንቋዎች አንድ ዘዴ መያዛቸው ደስ ይላል፤ ሰው ሲያወዳድር ከአንዱ ተነሥቶ ወደ ሌላው የሚሄድ ይመስላል።

ካዛክኛ «ራቅ» ወይም «ሬክ» የሚባል ቅጥያም አለው። ኡልኬን የነበረው ኡልኬኒሬክ ይሆናል። መዝገበ ቃላት ብዙ ጊዜ «ይበልጥ ትልቅ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ነገር ግን ቃሉ ለስለስ ያለ ነው። እኛ «ተለቅ ያለ»፣ «ረዘም ያለ» የምንለው ልክ እሱን ነው። የመጨረሻውን ደረጃ ለማሳየት «ኤንግ» ከፊት ይገባል፤ ኤንግ ኡልኬን፣ ከሁሉ የሚበልጥ። «ኦቴ» በጣም ነው። «ትም» ደግሞ ከልክ ያለፈውን ለብቻው ይገልጻል። እኛ ሻዩ በጣም ጣፋጭ ነው ስንል እያመሰገንን ይሁን እያማረርን ድምፃችን ነው የሚለየው፤ ካዛኩ ግን «ትም» ካለ አማሯል።

ማጠንከርያው ላይ ቋንቋው ይጫወታል። የቅጽሉ የመጀመሪያ ድምፆች ተወስደው «ፕ» ይጨመርባቸውና ከፊት ይደገማሉ። ቅዝል ቀይ ነው፤ ቅፕ-ቅዝል ደም የመሰለ ቀይ። ቃራ ጥቁር ነው፤ ቃፕ-ቃራ ከሰል የመሰለ። ሳሪ ቢጫ፣ ሳፕ-ሳሪ፤ ዣስል አረንጓዴ፣ ዣፕ-ዣስል። «አቅ»፣ ማለትም ነጭ፣ አፕፓቅ ሆኖ በአንድነት ይጻፋል። ሰማያዊውማ ሕጉን ጥሶ «ኮክፔንግቤክ» ይሆናል፤ ይህን በቃል ከመያዝ ሌላ መድኃኒት የለውም። ከዚህ ሌላ ቅጽሉን በሙሉ ደግሞ መጥራት አለ። «ቢይክ-ቢይክ ታውላር» ማለት «ረጃጅም ተራሮች» ነው። ረጅምን ረጃጅም፣ ትልቅን ትልልቅ እያልን ብዛቱን በመድገም የምናሳይ እኛ ብቻ የመሰለን ካለ እነሆ።

ቀለማት ላይ ሰፋ አድርገን እንቆይ፤ ለተርጓሚ ወጥመዱ ያለው እዚህ ነውና። «ኮክ» (ፍሬው አይደለም) ሰማያዊ ነው እንበል። ግን ሣርም ኮክ ነው። በአልማቲ ከተማ ያለው ታዋቂ ገበያ ኮክ ባዛር ይባላል፤ በሩሲያኛ ስሙ አረንጓዴ ገበያ ነው። ኮክ ሻይ አረንጓዴ ሻይ ነው። ኮክ አት ግን ሰማያዊም አረንጓዴም ፈረስ አይደለም፤ ዳማም አይደለም፤ አመድማ ፈረስ ነው። ለአረንጓዴ «ዣስል» የሚል ሌላ ቃል እያለ ኮክ አሁንም ድንበሩን አልለቀቀም። ከዚህም አልፎ ሰማዩ ራሱ ኮክ ይባላል። እኛ ከሰማይ ተነሥተን ሰማያዊ የሚል ቀለም አወጣን፤ እነሱ ለቀለሙም ለሰማዩም አንድ ቃል አላቸው።

ቃራም እንዲሁ ነው። ቃራ ሱ ተራ ውሃ፣ የምንጭ ውሃ ነው እንጂ የጠቆረ አይደለም። ቃራ ኻልቅ ተራው ሕዝብ ነው። ሻንግራቅ የሚባለው በድንኳን ቤታቸው አናት ላይ ያለው ክብ የእንጨት ጉልላት ነው፤ ቃራ ሻንግራቅ ሲባል ግን የአባት ቤት፣ በልማድ የመጨረሻው ወንድ ልጅ የሚወርሰው የትውልድ ቤት ማለት ነው፤ ክብር እንጂ ጥላሸት የለበትም። እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1904 የኖረው ታላቁ ባለቅኔ አባይ ቁናንባይኡሊ የጻፋቸው 45 የምክርና የሐሳብ ጽሑፎች «ቃራ ሶዝ» ይባላሉ። «ጥቁር ቃላት» ብሎ የተረጎመ ሁሉንም አበላሸው። ቃራ ሶዝ ማለት በግጥም ያልተገጠመ፣ ስድ ንባብ ማለት ነው። የኛን «ጥቁር እንግዳ» እና «ነጭ ድሃ» ለባዕድ ሰው ቃል በቃል ብትተረጉሙለት ምን እንደሚገባው አስቡት። ቀለም ስሙን ብቻ አይቀባም፤ ከስሙ ጋር ተጣብቆ ሦስተኛ ነገር ይወልዳል። አቅሳቃል፣ ቃል በቃል ነጭ ጢም፣ በአንድነት ተጽፎ የአገር ሽማግሌ ሆኗል።

ካርታ ስታዩም እነዚሁ ቅጽሎች ይቀበሏችኋል፤ አቅታው ነጭ ተራራ፣ አቅቶቤ ነጭ ኮረብታ፣ ቃራታው ጥቁር ተራራ፣ ቅዝልኩም ቀይ አሸዋ። ካራጋንዳ ግን ከዚህ ቡድን አይደለችም፤ ስሟ የመጣው በአካባቢው ከሚበቅል ቊጥቋጦ ነው።

ከስም የሚወጡትን ቅጽሎች ባጭሩ እንያቸው። «ቱዝ» ጨው ነው፤ ቱዝዲ ጨው ያለው፣ ቱዝስዝ ጨው የሌለው። «ኩሽ» ኃይል ነው፤ ኩሽቲ ኃይለኛ፣ ኩሽሲዝ ኃይል የለሽ። የኛ ጉልበታም፣ ሀብታም፣ መላ ቢስ የሚሉት ከዚህ ጋር ይሄዳሉ። ጊዜና ቦታን ወደ ቅጽል የሚለውጥም አለ፤ «ቡጊን» ዛሬ፣ ቡጊንጊ ጋዜት የዛሬ ጋዜጣ፤ ኡይዴጊ ኪታፕ ቤት ያለው መጽሐፍ። ከሁሉም የሚያስገርመው ግን «ታሪኺ» የሚለው ነው። ታሪካዊ ማለት ነው። ታሪክ የሚለው ቃል ለኛም ለነሱም ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን፣ የነሱ የመጨረሻ «ኢ» የዐረብኛ ቅጥያ፣ የኛ «አዊ» ደግሞ የግእዝ ቅጥያ ነው፤ ሁለቱ ቅጥያዎች የአንድ ሴማዊ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። «አዴቢ» ማለት ሥነ ጽሑፋዊ ነው፤ እሱም የኛ «አደብ» የመጣበት ቃል ልጅ ነው።

ለመልመጃ ያህል የሚከተሉትን ወደ አማርኛ መልሱ። በየመልሳችሁም ላይ «ው» እና «ን» የሚያርፉበትን ቃል አስምሩበት፤ ካዛክኛው ምልክቱን ያኖረበትን ቃል ደግሞ ክበቡት፡-

ሀ. ቃፕ-ቃራ አት
ለ. ኡይዴጊ ኡልኬንዴር
ሐ. ኩሽቲ አትቲ (ተሳቢ ነው)
መ. ኡይ ኡልኬን፤ ኡልኬን ኡይ

«ሐ» ላይ የምታሰምሩበትና የምትከቡት ቃል አንድ ከሆነባችሁ፣ ስለ ኡልኬን ኡይዲ የተጻፈውን አንቀጽ እንደ ገና አንብቡት። መልሱ በሚቀጥለው ዕትም ይወጣል።